ከጠረጴዛዬ ሥር የነበረው ሲፒዩ

ከጠረጴዛዬ ሥር የነበረው ሲፒዩ የሞተ ነበር። ሱቁን የተከራየሁ ጊዜ ከእኔ በፊት የነበረው ፎቶ ቤት ጥሎት የሄደ ዕቃ ነው። የሚጠቅመው ነገር ሁሉ ተነቅሎ ወጥቶ ቆርቆሮውና አንድ የማይዞር ፋን ብቻ ቀርተውታል። እኔ እግሬን አሳርፍበት ነበር። እናቴ ሱቁን ልታይ የመጣች ቀን ግን ባዶ ቆርቆሮ ማየት አስጠላትና ከቤት ነጭ ዳንቴል አምጥታ አለበሰችው። በኋላ ለሠራሁት ጥፋት ዳንቴሉም ድርሻ አለው ብዬ አስባለሁ።

ሱቄ አምቦ፣ ከመናኸሪያው ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። በሩ ላይ «ዌብሳይት ዲዛይን፣ ሆስቲንግ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» ይላል። ከአራቱ ሰው በወጉ የሚያውቀው የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ነበር። በፎቶ ኮፒው እየኖርኩ በዌብሳይቱ እኮራ ነበር ብል ይቀላል።

መጀመሪያ ላይ የእያንዳንዱ ደንበኛ ዌብሳይት የሚቀመጠው ሌላ ሌላ ድርጅት ዘንድ ነበር። አንድ ስልክ ቁጥር ለማስቀየር ወደ አዲስ አበባ እጽፋለሁ፣ እደውላለሁ፣ እለምናለሁ። አንድ የግል ክሊኒክ ሐኪሙ ለቅቆ ከሄደ በኋላ ስሙ ሳይወርድ ሰነበተና ከጉደር ማዶ ድረስ በሽተኛ ተሸክመው የመጡ ሰዎች ሐኪሙን አምጡ ብለው አምባጓሮ አነሱ። የክሊኒኩ ባለቤት እኔ ላይ ጮኸብኝ፤ እውነቱን ነው።

ሪሴለር ሆስቲንግ የሚባለውን ያወቅሁት ያኔ ነው። ነገሩ ከእህል ንግድ አይለይም። ከአንድ ትልቅ ድርጅት ሰፊ ቦታ በጅምላ ትከራይና ለደንበኞችህ እየቆራረስክ ታከራያለህ። ለእያንዳንዱ የራሱን ክፍል፣ የራሱን ኢሜይል፣ የራሱን ቁልፍ ትሰጠዋለህ፤ ዋናው ቁልፍ አንተ እጅ ይቀራል። አዲስ አድራሻ ፈለገ? ሻዩ ሳይበርድ ትከፍትለታለህ። ቦታ ጠበበው? ከማይጠቀምበት ሰው ላይ ቀንሰህ ትጨምርለታለህ። ደንበኛው ከጀርባህ ማን እንዳለ አያውቅም፤ የሚያየው የአንተን ሱቅ ስም ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ማንንም መለመን ቀረልኝ። የሚለመነው እኔ ሆንኩ፤ መለመኑንም ወደድኩት።

የመጀመሪያው ደንበኛዬ የጊንጪ እህል ነጋዴ ነበር። ውሉን ከፈረመ በኋላ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠና፣

«በል እንግዲህ፣ የተከራየሁትን ቤት አሳየኝ» አለኝ።

«ኢንተርኔት ላይ ነው ያለው።»

«እሱን ሰማሁ። ዕቃው የታለ ነው የምልህ። ሰው ያላየውን ቤት ይከራያል እንዴ?»

ከጠዋት ጀምሮ ሳስረዳው ውዬ ደክሞኛል። ውጭ አገር ያለ ማሽን ነው ብዬ ብነግረው ውሉን ቀድዶት እንደሚሄድ ፊቱ ላይ አየሁት። እናም በእግሬ ወደ ጠረጴዛው ሥር ጠቆምኩት። «ይኸው። እዚህ ውስጥ ነው» አልኩት። ጎንበስ ብሎ ዳንቴሉን ገለጥ አደረገ፣ አየው፣ መልሶ ሸፈነው።

«አደራ፣ ውኃ እንዳይነካው» ብሎኝ ሄደ።

ወሬው ከእሱ ጋር ወደ ገበያ ወጣ። ሰው ሊያየው መምጣት ጀመረ። መብራት ሲጠፋ አንድ ባለ ሆቴል እየደወለ «ሣጥኑ እንዴት ሆነ?» ይለኛል፤ እኔም «ባትሪ አለው ኦቦ፣ አያስቡ» እለዋለሁ። በአምቦ ሰርቨር ያለው ሰው ተባልኩ። አንድም ቀን አላስተባበልኩም።

አንድ ሽማግሌ ደንበኛም ነበሩኝ፤ ወደ ሱቄ ያመጣቻቸው ሴት ልጃቸው ናት። ጊንጪ ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጭልሞ ደን ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በእጃቸው ወፍራም ደብተር ይዘው ነበር፤ በውስጡ የጭልሞ ዛፍ አንድ በአንድ ተጽፏል። ዝግባው፣ ጥዱ፣ ወይራው፣ የቱ በየትኛው ተረተር እንደቆመ፣ በየትኛው ወር እንደሚያፈራ፣ የቱ በማን መጥረቢያ እንደወደቀ ጭምር። ልጅቷ ይህ ደብተር አይጥ ሳይበላው ኢንተርኔት ላይ ይውጣ አለችኝ። ዲፕሎማዋን ይዛ ቤት የተቀመጠች፣ ነገር ቶሎ የሚገባት ልጅ ነበረች። ከምከራየው ቦታ ጥግ ላይ የተረፈች ቁራሽ ነበረችኝና በነጻ ሰጠኋቸው።

ሦስት ሳምንት ያህል እየተመላለሰች ደብተሩን ራሷ ተየበችው። በመጀመሪያው ቀን ዳንቴሉን ገልጣ፣ በጣቷ ቆርቆሮውን መታ መታ አድርጋ ቀና ብላ አየችኝ።

«ይሄ እኮ ባዶ ነው።»

«ተይ፣ አባትሽ ይሰማሉ።»

ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው። ምስጢሬን የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች፤ ለአባቷ እንኳ ትንፍሽ አላለችም። አንድ ቀን ደግሞ ለአባቷ በከፈትንላቸው ኢሜይል ላይ ትልልቅ ፎቶ ስትልክ ተመልሶ መጣባት። በእንግሊዝኛ የመጣውን መልስ ምን ማለት ነው ብላ ጠየቀችኝ። የኢሜይሉ ሣጥን ሞልቷል ማለት ነው፣ ባለቤቱ ካላጸዳው ወይም እኔ ካላሰፋሁት ምንም አይገባም አልኳት። «ስለዚህ አንተ ነህ የምትዘጋው» አለችኝ እየሳቀች። አዎ፣ እኔ ነኝ አልኳት።

ሥራ ፈልጋ ፈልጋ ሲያቅታት ዐረብ አገር ሄደች። መጀመሪያ ትደውል ነበር። በኋላ አሠሪዋ ስልኳን ወሰደችባት፤ ቁጥር የጻፈችበት ወረቀትም ጠፋባት። የሽማግሌውን የዛፍ ዌብሳይት ግን ከየትም ሆና ልታገኘው ትችላለች፤ አድራሻውን የመረጠችው እሷ ናት። ዓርብ ዓርብ የቤቱ ሰዎች ወጥተው ሲውሉ በልጆቹ ኮምፒዩተር ገጹ ላይ ወዳለው የአባቷ ኢሜይል አራትና አምስት መስመር በኦሮምኛ ትጽፋለች። ደህና ነኝ፣ ምግብ አለ፣ ዘንድሮ ዝግባው አፈራ ወይ። ብዙ ጊዜ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አትጽፍም።

ሽማግሌው ቅዳሜ፣ በአምቦ ገበያ ቀን፣ በሚኒባስ ይመጣሉ። «አካም ጅርታ፣ ኢልማ ኮ» ይሉኛል። ኢልማ ኮ ልጄ ማለት ነው። ከዚያ ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን ዳንቴሉ ላይ ያሳርፋሉ፤ ለእሱም ሰላምታ መስጠታቸው ነው። አነብላቸዋለሁ፣ ድገመው ይሉኛል፣ እደግመዋለሁ። መልሱን እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ሲወጡ ሁልጊዜ «ጌታ ይባርክህ» ይሉኛል። ጴንጤ ናቸው፤ ምርቃታቸውም ከአንጀት ነው።

ከዚያ በአካባቢያችን ኢንተርኔት ተቋረጠ። ጸጥታው ደፍርሶ ነበር፤ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው መጡና ተቀመጡ። መስመር የለም ጋሼ አልኳቸው። ነገሩን አሰብ አደረጉና ወደ ጠረጴዛው ሥር አዩ።

«መስመሩ የጠፋው እኮ ደጅ ነው። ሣጥኑ እዚሁ አይደል? ክፈተውና እንይ።»

እውነቱን የምናገርበት ጊዜ እሱ ነበር። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃው ነበር። እኔ ግን ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ «ሣጥኑ ይሰበስባል ጋሼ፣ መስመር የሚፈልገው ስክሪኑ ነው። የመጣው ሁሉ እዚህ ይቆይልናል» አልኳቸው።

«ይቆይልናል?»

«ይቆይልናል።»

«ጌታ ይባርክህ» አሉኝና ወጡ። ሦስት ቅዳሜ እንዲህ አለፈ። በየቅዳሜው መዳፋቸውን ዳንቴሉ ላይ ያሳርፉና «ብዙ ሳይሰበስብ አልቀረም» ይላሉ። 

የደንበኞቼ ጥያቄ ደግሞ ተከመረ። ክሊኒኩ የሐኪም ፕሮግራም ቀይሯል፣ ትምህርት ቤቱ የምዝገባ ማስታወቂያ አለው፣ እህል ነጋዴው አዲስ ስልክ አውጥቷል። ሁሉንም ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩና አንድ ማለዳ አዲስ አበባ ለመሄድ ተሳፈርኩ። ማስታወሻው ላይ የሽማግሌው ጥያቄ አልነበረም። ሣጥኑ አምቦ፣ ከእግሬ ሥር ነው ብለው የሚያምኑ ሰው ለአዲስ አበባ ምን ጥያቄ ይኖራቸዋል? ሚኒባሱ ጊንጪ ላይ ሰው ሊጭን ቆመ። ቤታቸው ከአስፋልቱ አምስት ደቂቃ አይርቅም። እውነቱን ቢያውቁ ኖሮ ከጎኔ ይሳፈሩ ነበር። አንገቴን ወደ ሌላው መስኮት አዞርኩ።

አዲስ አበባ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ማስታወሻዬን ከላይ ወደ ታች እየሰረዝኩ ሠራሁ። በአንድ ቁልፍ ሁሉም ቤት እገባለሁ፣ እወጣለሁ። የአሥር ሰው ጉዳይ በአንድ ረፋድ አለቀ፤ ያለ ሪሴለሩ ሳምንት ይፈጅ ነበር። ልነሳ ስል ባለ ሆቴሉ ደወለ። ከአዲስ አበባ ስብሰባ ሊይዙ የፈለጉ ሰዎች የላኩለት ደብዳቤ እየተመለሰ ነው፣ ሣጥኑ ሞልቷል ይላቸዋል፣ አሁኑኑ ቦታ ጨምርልኝ አለኝ።

በጅምላ የተከራየሁት ቦታ ሁሉ ታድሎ አልቋል። የደንበኞቼን ዝርዝር በዓይኔ ወረድኩ፤ ማን ነው የማይጠቀምበት? የሽማግሌው ዛፎች ላይ ዓይኔ አረፈ። ገጹን ማንም አይነካውም፤ ኢሜይሉም በማስታወቂያ ቆሻሻ ተሞልቶ ከተሰጠው ግማሹን አልፏል። ከዚያ ላይ ቀነስኩና ለሆቴሉ ጨመርኩ። ለሽማግሌው የያዙትን ያህል ብቻ አስቀረሁ። አምቦ ስገባ ቆሻሻውን እጠርግላቸዋለሁ ብዬ ነበር፤ መስመር በሌለበት ከተማ በምን እንደምጠርገው አላሰብኩም።

እዚያ ተቀምጬ ኢሜይላቸውን ከፍቼ ማየት እችል ነበር። ይህን ማንም አይጠይቀኝም፤ ራሴን ግን እስካሁን እጠይቀዋለሁ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። ልጅቷ የጻፈችውን ባነብ ለአባቷ መንገር አለብኝ፤ ብነግራቸው ደግሞ «ሣጥኑ አምቦ ሆኖ አንተ አዲስ አበባ ላይ ከየት አነበብከው?» ይሉኛል።  ስለዚህ ዘጋሁትና ወደ መኪናው ሮጥኩ። ባለ ሆቴሉ ማታ ደውሎ አመሰገነኝ።

መስመሩ የተመለሰው ከወር በኋላ፣ አንድ ሐሙስ ቀን ነው። ከሁሉ በፊት የሽማግሌውን ኢሜይል ከፈትኩ። ከቆሻሻው መካከል የእሷ ሁለት ደብዳቤዎች ነበሩ፤ ሁለቱም እኔ አዲስ አበባ ከመሄዴ በፊት የገቡ። አንዱ ስለ ዝግባው ይጠይቃል። ሁለተኛው፣ «ወደ ሌላ ቤት ሊወስዱኝ ነው ይላሉ። የጎረቤት ስልክ ቁጥር ላኩልኝ፤ ከተወሰድኩ መጻፊያ አላገኝም» ይላል። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። 

ቦታውን ለሚያከራየኝ ድርጅት ጻፍኩ። የተመለሱ ደብዳቤዎች መዝገብ ይኖራቸዋል፤ እሱን ማግኘትም የሪሴለር መብት ነው። በማግስቱ ላኩልኝ። የእሷ አድራሻ ያለበት አራት መስመር ነበር። ዓርብ፣ ዓርብ፣ ዓርብ፣ ከዚያ ደግሞ ሰኞ። ምክንያቱ ለአራቱም አንድ ነው፦ ሣጥኑ ሞልቷል። ደብዳቤው ውስጥ ምን እንደተጻፈ መዝገቡ አይዝም። እሷ ግን መልሱ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች፤ ያስረዳኋት እኔ ነኝ። አራት ጊዜ ከአባቷ አድራሻ «ቦታ የለም» ተባለች፤ ማን እንደዘጋባትም ታውቃለች።

ወዲያው ጻፍኩላት፣ የራሴን ስልክና የጎረቤታቸውን ስልክ ላክሁላት። ዓርቡ መልስ ሳይመጣ መሸ። ቅዳሜ ማለዳ ሽማግሌው ይመጣሉ። መርዶ ቢሆን ደንቡ ይታወቃል፤ ሰው ብቻውን አያረዳም፣ ሽማግሌ ሰብስቦ፣ ገና ሳይነጋ በር ያንኳኳል። ለዚህ ማንን ይዤ ልሂድ? የሞተ ሰው የለም፤ ደህና ናት የሚባል ሰውም የለም። ብቻዬን ጠበቅኳቸው።

መጡ። ሰላም አሉኝ። መዳፋቸውን ወደ ዳንቴሉ ሲዘረጉ እጃቸውን ያዝኩና ይቀመጡ አልኳቸው። ሲፒዩውን ከጠረጴዛው ሥር ስቤ አወጣሁት፣ ዳንቴሉን አነሳሁ፣ በብሎን መፍቻ ክዳኑን ፈታሁት። አቧራና የሸረሪት ድር ነበር። ሽማግሌው አንገታቸውን አስግገው አዩት።

«ተሰረቀ?» አሉኝ።

«አይደለም ጋሼ። ድሮም ባዶ ነው።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ውጭ አገር ስላለው ማሽን፣ ስለ እህል ነጋዴው፣ ስለ አዲስ አበባው ቀን፣ ለሆቴሉ ስለሰጠሁት ቦታ።  ሁለተኛውን ደብዳቤ አነበብኩላቸው፤ ድገመው አላሉኝም።

«ልጄ ይህን ታውቅ ነበር? ባዶ መሆኑን?»

«ታውቅ ነበር። እኔ ነኝ አትንገሪ ያልኳት።»

ይህ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ያመማቸው መሰለኝ። ከዚያ፣

«የተመለሱት ስንት ናቸው?» አሉኝ።

«አራት።»

አራት ጣታቸውን አንድ በአንድ አጠፉ። «አራት ጊዜ ጽፋለች። ያኔ ደህና ነበረች ማለት ነው።» ፊታቸው ትንሽ ፈካ፤ እሱን ማየት ከስድብ የባሰ ከበደኝ። «የመጨረሻው መቼ ነው?»

«ሰኞ ጋሼ። ሦስቱ ዓርብ ናቸው፤ የመጨረሻው ሰኞ።»

«ሰኞ?»

«ሰኞ።»

አራተኛዋን የታጠፈች ጣታቸውን ያዟት። «ሰኞ እኮ ቤት ውስጥ ሰው አለ» አሉ። «ዓርብ ብቻ ነው የሚወጡት ብላ ጽፋልኝ የለም? ሰኞ ለምን ትጽፋለች?»

 ተነሱ፣ ከዘራቸውን አነሱ፣ ወጡ። ጌታ ይባርክህ አላሉኝም።

ከዚያ በኋላ ያላንኳኳሁት በር የለም። የላካት ደላላ ሌላ ቤት ገብታለች ብሎ ስልኩን ዘጋ፤ ሁለተኛ ስንደውል አያነሳም። ጊንጪ ድረስ ሄጄ ከሽማግሌው ጋር በየቢሮው ዞርን። መንገድ ላይ አያናግሩኝም፤ ከየቢሮው የወጣውን ወረቀት ይሰጡኛል፣ አነባለሁ፣ መልሰው ይቀበሉኛል። ወረቀቱ ዞሮ ዞሮ ጠብቁ ከሚል መልስ አላለፈም። ከዚያ ለብዙ ወራት ወደ ሱቄ ዝር አላሉም።

ባለ ሆቴሉን ቦታህን እቀንሳለሁ ብዬው ተጣልተን ሌላ ሰው ዘንድ ሄደ። እህል ነጋዴው ባዶ ቆርቆሮ ነበር ያከራየኝ ብሎ በየሻይ ቤቱ አወራብኝ፤ ይበለኝ። ከሆቴሉ የተረፈውን በሙሉ ለጭልሞ ዛፎች ሰጠሁ። ዛሬ ከደንበኞቼ ሁሉ ሰፊው ሣጥን የሽማግሌው ነው። ማለዳ ሱቁን ስከፍት መጀመሪያ የማጸዳው እሱን ነው።

አንድ ቀን መጡ። ቅዳሜ አልነበረም፤ ሰኞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ የሚመጡት ሰኞ ነው። ከጠረጴዛው ሥር ምንም የለም፤ ሲፒዩውን ለቁራሌው ሰጥቼዋለሁ። ወንበሩን ወደ ስክሪኑ ያስጠጋሉ፣ እኔ እከፍታለሁ፣ አብረን እናያለን። መጥቷል ወይ ብለው አይጠይቁኝም። የሚጠይቁኝ ሌላ ነው።

«ቦታ አለው?» ይሉኛል።

«አለው ጋሼ» እላቸዋለሁ። «ብዙ ቦታ አለው።»